ጭብጦና ቅል፦ የቅንጣት ቅርጽ ቀለምን በብርሃን በማፍረስ ሥራ ላይ ያለው ድርሻ

ባለፈው የተግባር ትምህርት ሰዓት አንድ እጩ መምህር ከቦርከና ዳር የቀዳውን ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ክፍል ገባ። ውኃው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አቁሞ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። «መምህር፣ ይኼን ፀሐይ ላይ ባቆየው ቀለሙ ይለቃል ወይ? ከለቀቀስ ከብት ቢጠጣው ችግር የለውም?» የመጀመሪያውን እዚያው ባጭሩ መለስኩለት። ሁለተኛውን ግን «ቆይ፣ ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፍልሃለሁ» ብዬ አሳደርኩት። ይኸው ጻፍኩ። መልሱ እኔም ከገመትኩት በላይ ስለረዘመ፣ ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ ትዕግሥት እንድታደርጉልኝ በቅድሚያ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው ቦርከና በደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ሜዳ ይዘልቅና በመጨረሻ ከአዋሽ ይቀላቀላል። በመንገዱ ያለ ሰው ሁሉ ይገለገልበታል፤ ልብስ ይታጠብበታል፣ አትክልት ይጠጣበታል፣ ከብት ይወርድበታል። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ይሠራባታል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል።

ጥጥ በሚቀለምበት ቦታ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ አንድ የታወቀ ችግር አለ። ለጥጥ በብዛት የሚሠራበት ሪአክቲቭ የሚባለው የቀለም ዓይነት ሙሉ በሙሉ ጨርቁ ላይ አይቀርም። እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ አሠራሩ ከመቶ 10 እስከ 50 የሚሆነው ከማጠቢያው ውኃ ጋር ይወጣል። ቀለሙ ፀሐይም ሳሙናም እንዳያደበዝዘው ተብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ ውኃ ውስጥ ከገባም በኋላ ያው ጠባዩ አይለቀውም። ለልብሳችን የወደድንለት ጽናት ለወንዙ ጠላት ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይኸ ነው፦ ፀሐይ ብቻዋን ብዙውን ቀለም ታደክመው ይሆናል እንጂ ቶሎ አታጠፋውም። ፀሐይ ከአንድ ዓይነት ዱቄት ጋር ስትተባበር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዱቄቱና ብርሃኑ

ዱቄቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ የግድግዳ ቀለም ንጣቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ውኃ ውስጥ የተነከረ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በሽቦ ከፕላቲነም ጋር ተያይዞ ብርሃን ሲያርፍበት ውኃውን ወደ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን እንደሚከፍል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪ ነገሩን ወደ ቆሻሻ ውኃ አዞረው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በቂ ጉልበት ያለው ብርሃን ቅንጣቱ ላይ ሲያርፍ አንድ ኤሌክትሮን ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ላይኛው የጉልበት ደረጃ ይዘላል። የተነሣበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ይኸ ባዶ ቦታ ሆል ይባላል፤ እንደ አዎንታዊ ቻርጅ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ የቅንጣቱ ገጽ ድረስ ከደረሱ ሥራ ይጀምራሉ። ኤሌክትሮኑ ውኃው ውስጥ ለሟሟው ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሆሉ ደግሞ ከውኃ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ቀምቶ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ እጅግ ቁጡ ነገር ይፈጥራል። የቀለሙን ሞለኪውል የሚቆራርጠው በዋናነት እሱ ነው። ዱቄቱ ራሱ በሥራው አያልቅም። ስለዚህም ካታሊስት ተባለ፤ ብርሃን ስለሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ፎቶካታሊስት።

ብርሃን ሁሉ ግን አይበቃውም። አናታስ የተባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል የሚጠይቀው ጉልበት 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። 1240ን ለ3.2 ብታካፍሉ 387.5 ናኖሜትር ይወጣል። ከዚህ የረዘመ የብርሃን ሞገድ ምንም ያህል ቢበዛ ኤሌክትሮኑን አያስነሣውም፤ የሚያስነሣው ከወይን ጠጁ ማዶ ያለው፣ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ብቻ ነው። እሱም ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ከመቶ 5 ገደማ ቢሆን ነው። ከፍታ ግን ለእኛ ያደላል፤ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን አስታውሱ። የደሴን ብርድ የምንታገሥበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ተገኘ።

ዋናው ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኤሌክትሮኑና ሆሉ እንደ ተነፋፈቁ ዘመዶች ናቸው፤ ትንሽ አጋጣሚ ካገኙ ተመልሰው ይገናኛሉ። ሲገናኙ ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ቀለሙም ሳይነካ ይቀራል። ከሚፈጠሩት ጥንዶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ባክነው ይቀራሉ። ለምሳሌ ሆሉ ከመጥፋቱ በፊት የሚጓዘው በአሥር ናኖሜትር ደረጃ የሚለካ ርቀት ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን አትርሱ። እንግዲህ የቅርጽ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጭብጦውና ቅሉ

የበሶ ጭብጦ ውኃ ውስጥ ብትጥሉ ላዩ ይርሳል፤ መሐሉ ግን ደረቅ እንደሆነ ይቆያል። ድፍን ቅንጣትም እንደዚሁ ነው፤ መሐሉ ያለው ቁስ ከውኃውም ከቀለሙም ጋር አይተዋወቅም። በመሐሉ የተፈጠረ ኤሌክትሮንም ገጹ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ታዲያ ያንን መሐል አውጥተን ጥለን እንደ ቅል ቅርፊቱን ብቻ ብናስቀርስ?

በቁጥር እንየው። ለሠልጣኞች ይኸ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ማንም አይሽሽ። ዲያሜትሩ 400 ናኖሜትር የሆነ ድፍን ሉል እንውሰድ፤ ራዲየሱ 200 ነው። ከጎኑ ደግሞ በውጭ መጠኑ እኩል የሆነ፣ ግድግዳው ግን 20 ናኖሜትር ብቻ የሆነ ውስጠ ባዶ ሉል እናስቀምጥ፤ የውስጥ ራዲየሱ 180 ነው ማለት ነው። የሉል ይዘት ከራዲየሱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ 200 ኩብ 8,000,000 ነው፤ 180 ኩብ 5,832,000 ነው። ልዩነቱ 2,168,000 ይሆናል። ስለዚህ ቅሉ የሚፈልገው ቁስ ከጭብጦው ከመቶ 27 ብቻ ነው። በአንድ ጭብጦ ዱቄት ሦስት ቅል ተሠርቶ ይተርፋል።

ወደ ገጹ ስፋት እንምጣ። ስፋት ከራዲየስ ካሬ ጋር ይሄዳል። የውጩ 40,000፣ የውስጡ 32,400፣ ድምሩ 72,400። ይኸን ለእያንዳንዱ የቁስ መጠን ስናካፍለው፣ ቅሉ በአንድ ግራም የሚሰጠው ገጽ ከጭብጦው 6.7 እጥፍ ይሆናል። የአናታስ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.9 ግራም መሆኑን ይዘን ብናሰላ፣ ድፍኑ በግራም 3.8 ካሬ ሜትር፣ ውስጠ ባዶው 25.7 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። የውስጡን ገጽ የቆጠርነው ውኃውና ቀለሙ ወደ ውስጥ መግባት ይችላሉ ብለን ነው። ቅሉ አፍ ከሌለው ምን ዋጋ አለው? ግድግዳው ሽንቁር የሌለው ድፍን ቅርፊት ከሆነ የሚሠራው የውጩ ገጽ ብቻ ነው፤ ያኔ ብልጫው ከ6.7 ወደ 3.7 እጥፍ ይወርዳል። ሽንቁሩም ቢሆን ከቀለሙ ሞለኪውል መስፋት አለበት። አንድ ሰው «ውስጠ ባዶ ቅንጣት ሠራሁ» ሲላችሁ ቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ «በሩ የት ነው?» ብላችሁ ነው።

ከስፋቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ርቀቱ ነው። በድፍኑ ሉል መሐል የተፈጠረ ኤሌክትሮን ወደ ገጹ ለመድረስ 200 ናኖሜትር ይጠብቀዋል። በቅሉ ግድግዳ ውስጥ ግን፣ በሁለቱም በኩል ውኃ ካለ፣ ከገጽ በጣም የራቀው ቦታ 10 ናኖሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ያለ አቅጣጫ የሚደረግ ጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ርቀቱ ሃያ እጥፍ ሲያጥር ጊዜው አራት መቶ እጥፍ ያጥራል። ዘመዶቹ ሳይገናኙ የሚያመልጡበት ዕድል በዚያው ልክ ይጨምራል። በመሠረቱ ሥራውን የሚሠራው ባዶነቱ አይደለም፤ የግድግዳው ስስነት ነው። ሆዱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ግድግዳው ከወፈረ ተመልሰን ጭብጦ ጨበጥን ማለት ነው።

አንድ ንቁ ሠልጣኝ «ታዲያ መጀመሪያውኑ 25 ናኖሜትር የሆነ ትንሽ ድፍን ቅንጣት ለምን አንጠቀምም?» ሊል ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ስሌቱም ለእሱ ያደላል። እንዲህ ያለው ድፍን ደቃቅ በግራም 61 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ከቅላችን ይበልጣል። ነገር ግን ሁለት ጣጣ አለበት። አንደኛ፣ ደቃቆቹ ውኃ ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጉላሉ፤ ያ ሁሉ ገጽ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሳይጓጉሉ ቢቀሩ ደግሞ ከውኃው አይወጡም። በስቶክስ ሕግ ብናሰላው 25 ናኖሜትር ድፍን ቅንጣት በቀን የሚዘቅጠው ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በታች ሲሆን፣ ያ 400 ናኖሜትር ቅል ግን፣ ሆዱ ውኃ ሞልቶትም እንኳ፣ በቀን 6 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ወደ 70 እጥፍ ይፈጥናል። እሱም ቢሆን ዘገምተኛ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግድግዳውን ስስ እንዳደረጉ ሆዱን እስከ ማይክሮሜትር የሚያሰፉ አሉ። ወንዝ ለማጽዳት ብሎ ወንዝ ውስጥ ዱቄት ትቶ መሄድ ማጽዳት አይባልም።

ብርሃኑ ሲታሰር

ሌላም ጥቅም አለ። ሃያ ናኖሜትር የሆነ ግድግዳ በጣም ስስ ስለሆነ አብዛኛውን ብርሃን ያሳልፈዋል። ታዲያ ይኸ ኪሳራ አይደለም ወይ? ድፍን ገጽ ቢሆን ተንጸባርቆ የሄደ ብርሃን ሄደ ነው። ቅል ውስጥ የገባ ብርሃን ግን ከወዲያኛው ግድግዳ ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ተመልሶም ሌላ ግድግዳ ያገኛል፤ በየግጭቱ ጥቂት ጥቂት ይዋጣል። በር ገርበብ ሲል የጎጆ ቤት ውስጡ እንዴት ጠቅላላ እንደሚበራ ታውቁ የለ? ነገሩ ከዚያ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ሆዱ ከብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ብርሃኑ እንደ ጨረር ሳይሆን እንደ ማዕበል መበተኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ቻይናውያን ተመራማሪዎች የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ ይኸን በግልጽ ፈተነው። ድፍን፣ ሉል በሉል ውስጥ የሆነና ሙሉ በሙሉ ውስጠ ባዶ የሆነ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሉሎችን ሠርተው ፌኖል የተባለውን ብክለት በማፍረስ አወዳደሯቸው። ሉል በሉል ውስጥ የሆነው አሸነፈ። ምክንያት አድርገው ያቀረቡት ብርሃኑ በሁለቱ ሉሎች መካከል ደጋግሞ መንጸባረቁን ነው። ጭራሽ ባዶ የሆነው አለማሸነፉን ልብ በሉ። ከዚያ ወዲህ እንደ ሽንኩርት ሦስትና አራት ቅርፊት ያላቸው ቅንጣቶች ተሠርተዋል። የቅርፊቱ ብዛት እስከ ተወሰነ ድረስ ይጠቅማል፤ ከዚያ ወዲያ ውጪዎቹ የውስጦቹን ብርሃን መጋረድ ይጀምራሉ።

ስለ ሌሎቹ ቅርጾች ባጭሩ። ቱቦ የሆኑት፣ ኤሌክትሮኑ በርዝመታቸው አቅጣጫ የሚሄድበት መንገድ ስላላቸው፣ በተለይ ከብረት ዝርግ ላይ እንደ ሣር ቆመው ሲበቅሉ ጥሩ ናቸው፤ ዱቄት ስላልሆኑም መልሶ ለማውጣት ችግር የለም። ሣጥን መሰል የሆኑት ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣሉ፤ የክሪስታል ጎኖች እኩል ጠባይ የላቸውም፤ በአናታስ ላይ ኤሌክትሮኖች ወደ አንዱ ዓይነት ጎን፣ ሆሎች ወደ ሌላው ዓይነት ጎን የማዘንበል ዝንባሌ ታይቶባቸዋል። ጎኖቹን መምረጥ ዘመዶቹን በተለያየ ክፍል እንደማስቀመጥ ይሆናል። ይኸ ራሱን የቻለ ሰፊ ርዕስ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ሰሙ ይወጣል፣ ቅርፊቱ ይቀራል

በናኖሜትር ደረጃ ቅል እንዴት ይፈለፈላል? አይፈለፈልም። መንገዱን የእኛ አንጥረኞች ያውቁታል፤ ወርቅ ሠሪ በመጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍናል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና ወርቁን በቦታው ያፈስሳል። ሰምና ወርቅ የሚለው የቅኔ ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ኬሚስቶቹም መጀመሪያ ከሲሊካ፣ ከካርቦን ወይም ከፕላስቲክ ትንንሽ ሉል ይሠራሉ፤ በቲታኒየም ውሕድ ይለብጡታል፤ ከዚያ ሰሙን በማቃጠል ወይም በማሟሟት ያስወጡታል። ልዩነቱ ወርቅ ሠሪው የሚፈልገው ወደ ውስጥ የሚፈስሰውን ሲሆን እነሱ የሚፈልጉት ጭቃውን መሆኑ ነው። የግድግዳው ውፍረት የሚወሰነው በልብጡ ጊዜና መጠን ነው። ሰሙ ተቃጥሎ ሲወጣ የሚተወው ሽንቁር ደግሞ ቀደም ብለን የፈለግነው በር ይሆናል።

ሰም የማያስፈልገው መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲንጋፖር ውስጥ ያንግና ዜንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ኦስትዋልድ ራይፕኒንግ በሚባለው ሂደት ውስጠ ባዶ አናታስ ሠርተዋል። ትንንሽ ክሪስታሎች ከትልልቆቹ ይልቅ በቀላሉ ይሟሟሉ። በሉሉ መሐል ያሉት ደቃቆች ሟሙተው ወደ ውጪ ይወጡና ከቅርፊቱ ትልልቅ ክሪስታሎች ላይ ይጣበቃሉ፤ ሆዱ በራሱ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ይኸ መንገድ ርካሽ ነው፤ ሲሊካ ለማሟሟት የሚውለውን አደገኛ ኬሚካልም ያስቀራል። የሚያስከፍለው ዋጋ የግድግዳውን ውፍረት እንደ ልብ መቆጣጠር አለመቻል ነው።

ወደ ሠልጣኙ ሁለተኛ ጥያቄ

ከብት ይጠጣው ወይ? በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ስሠራ፣ በቀለም ውኃ ውስጥ ዱቄት ጨምሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩና ከሰዓታት በኋላ ጠርቶ ሳገኘው «አያችሁ፣ ብርሃን ቀለሙን በላው!» ብዬ ለተማሪ ሁሉ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ዕቃውን ሲያጥብ የነበረ አንድ ልጅ ግን ወደ ሥሩ የዘቀጠውን ዱቄት አሳየኝ፤ ሰማያዊ ሆኗል። ቀለሙ አልፈረሰም፤ ከውኃው ወጥቶ ዱቄቱ ላይ ተለጥፏል እንጂ። ጨለማ ውስጥ ያስቀመጥኩት ማነጻጸሪያ ስላልነበረኝ በምን ላውቅ እችል ነበር?

ይኸ ስሕተት በውስጠ ባዶ ቅንጣቶች ላይ ከሁሉም በላይ ያታልላል፤ ሰፊ ገጽና ሰፊ ሆድ ስላላቸው ቀለሙን ያለ ብርሃንም ብዙ ይስባሉ። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪ መብራቱን ከመክፈቱ በፊት ዱቄቱንና ቀለሙን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ ጨለማ ውስጥ ያማስላል፤ ተለጥፎ የሚቀረው ከተለጠፈ በኋላ የቀረውን መጠን መነሻ ያደርጋል። ሪፖርት ስታነቡ ይኸ መደረጉን ፈልጉ። ካልተደረገ ቅርጹ ያፈርስ ወይም ይሰብስብ ማወቅ አይቻልም።

ቀለሙ በእርግጥ ቢፈርስስ? ከማቅለሚያዎች ብዙዎቹ አዞ የሚባሉ ናቸው፤ ቀለማቸውን የሚያገኙት ሁለት ናይትሮጅኖች በድርብ ቦንድ ከተያያዙበት ቦታ ጋር ተያይዞ ነው። ያ ማያያዣ ሲበጠስ ውኃው ዓይናችን እያየ ይጠራል። ቁርጥራጮቹ ግን ውኃው ውስጥ ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ከቀለሙ ይልቅ ጎጂ ሊሆኑ ይችላሉ። ሥራው አለቀ የሚባለው ሞለኪውሉ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ቀላል ጨዎች ድረስ ሲወርድ ነው፤ ይኸም በዓይን ሳይሆን ውኃው ውስጥ የቀረውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን በመለካት ይታወቃል። በዚያ ላይ ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች ካሉበት ብርሃን ብረትን አያፈርስም፤ አቶም አቶም ነው። ስድስት ቫለንስ ያለውን ክሮሚየም ወደ ሦስት ዝቅ በማድረግ መርዙን ሊቀንስለት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከውኃው ማውጣት የሌላ ዘዴ ሥራ ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ ከብት አይጠጣው። ቢጠራም አይጠጣው፤ ተለክቶ ደኅና ነው እስኪባል ድረስ።

ከላቦራቶሪ እስከ ወንዝ ያለውም መንገድ ቀላል አይደለም። በአገራችንም፣ ለምሳሌ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ዚንክ ኦክሳይድን መሠረት ባደረጉ ቅንጣቶች ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም በብርሃን የማፍረስ ምርምር ተሠርቷል። እንዲህ ያለው ሙከራ በየትም አገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አንድ ቀለም ብቻ በተጨመረበት ንጹሕ ውኃ ነው። ከማቅለሚያ ቤት የሚወጣው ውኃ ግን ጨው የበዛበት ነው፤ ሪአክቲቭ ቀለም ጥጥ እንዲይዝ ብዙ ጨው ይጨመርለታልና። ክሎራይዱና ካርቦኔቱ ለቀለሙ የታሰበውን ራዲካል ይሻሙታል። ድፍርስ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ከቅንጣቱ ሳይደርስ ይቀራል። እንደ እኔ አስተያየት ይኸ ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ ቢመጣ ቦታው ሌሎቹ ማጣሪያዎች ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ያለው የመጨረሻው ገንዳ ላይ ነው፤ ወንዙ ላይ አይደለም።

በክፍል ውስጥ ለማሳየት

ናኖ ቅል በእጃችን ባይኖርም ሐሳቡን ማሳየት ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ ድንች ላጡ። አንዱን እንዳለ ተዉት፤ ሌላውን ከአንድ ጫፍ ከፍታችሁ ግድግዳው ሦስት ሚሊሜትር ያህል እስኪቀር ፈልፍሉት። ሁለቱንም በሜቲሊን ብሉ ወይም በቀለም ውኃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ንከሩና ለሁለት ቁረጧቸው። ድፍኑ ላዩ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ሆዱ ነጭ ይሆናል፤ የተፈለፈለው ከሁለቱም ገጽ ይቀለማል። እርግጥ በድንቹ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በቅንጣቱ ኤሌክትሮኑ ወደ ውጪ ይወጣል፤ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ መሆኑን ለተማሪዎቻችሁ ሳትነግሩ አትለፉ።

ለብርሃኑ ክፍል ከላቦራቶሪው መደርደሪያ ዚንክ ኦክሳይድ ፈልጉ፤ እሱም በአልትራቫዮሌት የሚሠራ ፎቶካታሊስት ነው። አራት ዝርግ ሰሃን አዘጋጁ፤ በሁሉም ውስጥ እኩል መጠን ያለው ፈዛዛ ሜቲሊን ብሉ ይሁን። አንደኛው ዱቄት ይጨመርበትና ፀሐይ ላይ፣ ሁለተኛው ያለ ዱቄት ፀሐይ ላይ፣ ሦስተኛው ከዱቄት ጋር ተሸፍኖ፣ አራተኛው ያለ ዱቄት ተሸፍኖ ይቀመጥ። በየአሥር ደቂቃው ሁሉንም እኩል አማስሉ። ፀሐይ ላይ ያለው ውኃ ስለሚተን ቀለሙ የጠነከረ ይመስላል፤ የውኃውን ልክ በምልክት ይዛችሁ የጎደለውን ሙሉ። ሎሚም ሆነ ሌላ አሲድ አታስጠጉት፤ ዚንክ ኦክሳይድ ይሟሟል። ዱቄቱ አፍና አፍንጫ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ሲያበቃም አዝቅጣችሁ በዕቃ አስቀምጡት፤ ቱቦ ውስጥ አትድፉት። የሚነጻጸረው አንደኛው ከአራተኛው ጋር ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ከሦስተኛው ጋር ነው። የሁለቱንም ዱቄት ማንኪያ ላይ አውጥታችሁ ቀለሙን አስተያዩ።

ለሒሳብ ወዳጆች አንድ ልተውላችሁ። ከላይ ያየነው 400 ናኖሜትር ቅል ግድግዳው 20 ሳይሆን 50 ናኖሜትር ቢሆን፣ በሩም ክፍት ቢሆን፣ በግራም የሚሰጠው ገጽ ከድፍኑ ስንት እጥፍ ይሆናል? 2.7 ከወጣላችሁ ልክ ናችሁ። ግድግዳው 5 ናኖሜትር ቢሆንስ? ያንንም አስሉት፤ ካሰላችሁ በኋላ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅል ሲማሰል ሳይሰበር ይቆይ እንደሆነ ከመምህራኑ ጋር ተከራከሩበት።